ብርድ ልብስ የለበሰው ድስት

የሻይ ቅጠል አከፋፋዩ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ባንኮኒው ጋ ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። በኮሌጁ ላቦራቶሪ የሚሠራው ወጣት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለምርምር የሚሆን አረንጓዴ የሻይ ቅጠል ሊገዛ ሄዶ ደጅ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከፊቱ የቆሙትን ሰው ጀርባ አየና ደነገጠ። ኮሌታው ያለቀ ቡናማ ኮት፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ ትከሻ፣ ከጆሮ ኋላ የተሰካች አጭር እርሳስ። አጎቱ ነበሩ፤ ለእንጨት ፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ የሚያበስሉት የእናቱ ወንድም፣ እናቱ ስትሞት ወስደው ያሳደጉት ሰው።

ተመልሶ ሊሄድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። የአጎቱ ሚስት ከተቀበሩ ሰባት ሳምንት ሆኗል፤ እሱ ግን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደጃቸውን አልረገጠም። መጀመሪያ ሥራ ያዘው። ሥራው ሲቀልለት ደግሞ ማፈር ያዘው። ሐዘንተኛ ዘመዱን ሳይጠይቅ የቆየ ሰው የሚገባበት በር በየቀኑ እየጠበበ እንደሚሄድበት የደረሰበት ያውቀዋል።

አጎትየው ግን ዘወር አሉ።

«አንተ ልጅ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መምጣት ነበረብኝ፣ ሥራው...»

«ተወው፣ ተወው። ዶክተር ሰው መቼ ጊዜ አለው።»

ዶክተር አይደለም። ብልቃጥ የሚያጥብ፣ የሚለካ፣ ያየውን የሚጽፍ ረዳት ነው። ነጭ ጋውን ለብሶ ባዩት ቀን አጎቱ ያወጡለት ስም ነው። ሟቿ ደግሞ ስሙን አሻሽለው «የኔ የብልቃጥ ዶክተር» ይሉት ነበር። አሁን ስሙ በአጎቱ አፍ ብቻውን ሲመጣ አንድ ነገር የጎደለው መሰለ።

ባለሱቁ የጥቁር ሻይ ቅጠል የሞላ ትልቅ ከረጢት አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘጭ አደረገው።

«ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለ ወጣቱ፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል። «የእንጨት ፋብሪካው ሰው ውሃ መጠጣት አቆመ እንዴ?»

«የሚጠጣ መሰለህ?» አሉ አጎቱ ከረጢቱን እያቀፉ። «ለሩዙ ነው እንጂ! አንተው አስተምረኸኝ አንተው ረሳኸው? ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ነው ማለት ነው።»

ወጣቱ ሳቀ። ሳቁ ግን ከግማሽ አልዘለለም፤ ምን እንዳስተማራቸው እያሰበ ነበርና ትዝ አለው።

ዓምና ነበር። ከሻይ ቅጠል የሚወጡ ውሁዶች የምግብ መመረዝ በሚያመጡ ባክቴሪያዎች ላይ የሚያደርጉትን በዓይኑ ያየበት የመጀመሪያው ቀን። በብርጭቆ ሳህን ላይ ያሳደጋቸው ባክቴሪያዎች የሻይ ቅጠሉ ንጥር ጠብ ባለበት ሁሉ ማደግ አቁመው፣ በየጠብታው ዙሪያ ንጹሕ ክብ ቀርቶ ነበር። ደስታው አላስቀመጠው ብሎ ወደ አጎቱ ምግብ ቤት በረረ፤ ያን ክብ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰ ውሃ በጣቱ እየሣለ «እትዬ፣ ይኸውልዎ! ሆድ የሚያበላሹትን ጀርሞች የሻይ ቅጠል ድራሻቸውን ያጠፋዋል!» አለ ለአጎቱ ሚስት። ሁለት ሳህን በላና ሄደ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሊናገራቸው የሚገቡ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ እነሱን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልጨመረም።

«ጋሼ፣ ከረጢቱን እኔ ልያዝልዎ» አለ። የራሱን ግዢ ረስቶት ከሱቁ ወጣ።

*

መንገዱ ሩቅ አይደለም። አጎቱ ሲሄዱ ያወራሉ፤ ከሚስታቸው ሞት ወዲህ የሚያዋሩት ሰው አጥተው እንደከረሙ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል።

«እኔ እንደ ሌላው ሰው የተማረ ሲናገር በዚህ ጆሮ ሰምቼ በዚያ አላፈስም» አሉ። «ታስታውሳለህ፣ ድሮ ሩዙ የሚቀቀለው ሌሊት ነበር። ጠዋት ምድጃውን ምስሩና የሻዩ ብራድ ይይዙታል። ስለዚህ ሌሊት አሥር ሰዓት እሷ ትነሳለች። ያ እግሯ እንደዚያ አብጦ፣ በድፍን ጨለማ። እኔ ተኝቼ ኮቴዋን እሰማለሁ፤ እየጎተተች። ስንት ዓመት ሰማሁት መሰለህ? እና አንተ ያን ነገር ስትነግረን ያን ዕለት አልጋ ላይ ሆኜ አሰብኩና 'በቃ!' አልኳት። 'ከእንግዲህ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ እንቀቅለዋለን። ወፍራም ሻይ አፍልተን እናርከፈክፍበታለን። ጀርም አይደርስበትም። አንቺም እንደ ሰው ተኝተሽ ታድሪያለሽ።' እሷ ደግሞ የሷ ነገር፣ 'ሠራተኛው ቀዝቃዛ ሩዝ አይበላም' አለችና ድስቱን ከአልጋችን ባነሳችው ብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ጠዋት ማሞቅ ብቻ ነው።»

ወጣቱ ቆሞ የጫማውን ማሰሪያ የሚያስተካክል መሰለ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር።

«ምነው?»

«ምንም ጋሼ። እሑድስ? እሑድ ፋብሪካው ዝግ አይደለም?»

«የሰኞውን እሑድ ጠዋት ቀቅለን እንጨርሰዋለን። ከዚያ ቀኑን አረፍ እንላለን። የዚያን ሰሞን እሑድ እሑድ አብረን በእግራችን እስከ ወንዙ እንሄድ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ሄደን አናውቅም።»

ሐኪሙ የአጎቱን ሚስት የሞት ምክንያት ምን ብሎ እንደጻፈ ወጣቱ ያውቃል። የምግብ መመረዝ። ሰኞ ጠዋት ማስመለስ ጀመራቸው፤ «ሆዴ ነው፣ ያልፋል» ብለው ክሊኒክ አልሄድ አሉ። ማክሰኞ ሲወሰዱ ሰውነታቸው ደርቆ ነበር፣ ረቡዕ አረፉ። ምን በልተው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀም። ያልጠየቀው መልሱን ስለሚፈራ እንዳልነበር እርግጠኛ ነው፤ አሁን ግን ፈራ።

«ያቺ ልብስ ሰፊ ናት የገደለችብኝ» አሉ አጎቱ፣ የልቡን የሰሙ ይመስል። «ጎረቤታችን። እሑድ ማታ እርጎ ሰጥታት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልኳትም። ስታየኝ ታለቅሳለች። ታልቅስ።»

*

ምግብ ቤቱ ከፋብሪካው አጥር ጋር የተጣበቀ አንድ ረጅም ክፍል ነው። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከፋብሪካው በወዳደቀ ጣውላ የተሠሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ በየስንጥቁ የገባ ሰጋቱራ። ጥግ ላይ ባለ ሁለት አፍ ምድጃ አለ። ከምድጃው ጎን፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ አርባ ሰው የሚያበላው ትልቁ ድስት ተቀምጧል፤ ቀይ ጥለት ባለው ግራጫ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ። ድስት አይመስልም። በርዶት የተኮራመተ ሰው ይመስላል።

ወጣቱ መዳፉን በብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈ። ለብ ብሏል።

እዚህ ላይ ዝም ሊል ይችል ነበር። አጎቱ ሐዘናቸውን በጎረቤት ላይ አሳርፈው በመጠኑም ቢሆን ቀልሏቸዋል፤ የእሱም ድርሻ ከእርጎው ጋር አብሮ ይቀበር ነበር። ግን ነገ ቀትር ላይ አርባ ሰው ከዚህ ድስት ይበላል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሩዝ ነገ አያብሉት።»

«ምን ሆነ? ገና እንፋሎቱ አልበረደም። ሻዩን አሁን ላፈላለት ነው።»

«ሻዩ አያድነውም።»

አጎቱ ከረጢቱን ሊፈቱ ጎንበስ ካሉበት ቀና አሉ። «አንተ አይደለህ...»

«እኔ ነኝ። አልጨረስኩልዎትም ነበር። አንዴ ይቀመጡና ልጨርስልዎ።»

«ቆሜም እሰማለሁ።»

«እሺ። ጋሼ፣ ሥጋ በጨው ሲያቆዩ ስንት ጨው ያደርጉበታል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሥጋውን እስኪሸፍነው ነዋ።»

«በአንድ ቁንጥጫስ?»

«በአንድ ቁንጥጫማ በሦስተኛው ቀን ይተላል። ጨዋታ መሰለህ?»

«የሻዩም ነገር እንደዚያ ነው። ጀርሞቹን የሚያቆማቸው ቅጠሉ ውስጥ ያሉ ካቴኪን የሚባሉ ነገሮች ናቸው። እኛ ከአንድ ከረጢት አረንጓዴ ቅጠል እነሱን ብቻ ለይተን ስናወጣ የሚገኘው አንዲት ብልቃጥ ነው። ያችን በተለካ መጠን፣ በንጹሕ ሳህን ላይ፣ ስማቸውን በምናውቃቸው ባክቴሪያዎች ላይ ነው የሞከርናት። በሻይ ብራድ የሚፈላው በድስት ሙሉ ሩዝ ላይ ሲፈስ ያቺ የጨው ቁንጥጫ ማለት ነው። ምግብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከምግቡ ጋር እየተያያዘ ኃይሉ ይደክማል። ሩዝ ላይ ሞክረነው እንኳን አናውቅም።»

«ታዲያ አንተ ያን ዕለት 'ድራሻቸውን' ነው ያልከው።»

«አዎ። እንደሱ ነው ያልኩት።»

«መጠን አልተናገርክም።»

«አልተናገርኩም ጋሼ።»

አጎቱ ትንሽ አሰቡና እጃቸውን አወናጨፉ። «ይሁን፣ ሻዩ ይቅር። እኔ ጠዋት እንደገና አፈላዋለሁ እኮ! እንፋሎቱ ጣራ እስኪነካ። እሳት የማይገድለው ጀርም አለ?»

«የተቀቀለ ሩዝ ላይ አለ። መጀመሪያ ሲቀቀል ከፊሉ ጠንካራ ልባስ ለብሶ፣ እንደ ደረቅ ዘር ተኝቶ ያልፋል። ድስቱ ለብ ሲል ይነቃል። ለብ ያለ፣ እርጥብ፣ የተሸፈነ ቦታ ነው የሚወደው። ሌሊቱን ሙሉ ይራባል። ሲራባም መርዝ ይተፋል።»

«እና ጠዋት እሳቱ ይጠብሰዋላ።»

ወጣቱ በላቦራቶሪ ቋንቋ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ተወው። ይህን ሰው የሚያውቀው ከምድጃ ፊት ነው፤ መናገርም ያለበት በምድጃ ነው።

«ጋሼ፣ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አርሮብዎ ያውቃል?»

«አንዴ ሁለቴ። እሷ ሳቀችብኝ።»

«ያረረውን ለቅመው አውጥተው ወጡን ቢቀጥሉትስ?»

«አይሆንም። ሽንኩርቱ ቢወጣም ምሬቱ ወጡ ውስጥ ነው። ያን ወጥ መድፋት ነው እንጂ...»

ዓይናቸው ወደ ድስቱ ሄደ።

«ጠዋት ሲያፈሉት ጀርሙ ሊሞት ይችላል» አለ ወጣቱ በዝግታ። «የተፋው ግን ድስቱ ውስጥ ነው። እሱን እሳት አያወጣውም።»

አጎቱ ምድጃው ጠርዝ ላይ የተረሳች ጭልፋ አንስተው በጨርቅ ይወለውሏት ጀመር። ንጹሕ ነበረች። ሲወለውሉ ቆዩና ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጡ።

«እኔን እኮ አትሞኘኝም። አርባ ሰው ዓመት ሙሉ በልቶታል። ማን ሞተ? ሰዎቹ እንጨት የሚሸከሙ ጠንካሮች ናቸው። ሰኞ ሰኞ ትንሽ ሆዳቸውን ያማቸዋል እንጂ። እሱንም 'የሰኞ ሆድ' ብለው ስም አውጥተውለት ይስቁበታል። እሑድ ሲጠጡ እየዋሉ፣ ሰኞ ግማሹ ከሽንት ቤት አይወጣም፣ ባለመጋዙማ አንድ ሰኞ እዚያው...»

«የሰኞ ሆድ ከመቼ ጀምሮ ነው የመጣው ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ድሮም...» አሉና አቆሙ። ጭልፋዋ እጃቸው ላይ ቀረች። «ድሮ አልነበረም» አሉ፣ ለራሳቸው። «ድሮ እሑድም ይጠጡ ነበር። የሰኞ ሆድ አልነበረም።»

ከፋብሪካው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፤ ሲጮህ ቆይቶ እንጨቱን ሲጨርስ ይረጋጋል።

«ሰኞ ነበር» አሉ አጎቱ።

ወጣቱ አግዳሚ ወንበር ስቦ አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ሰኞ ጠዋት ነበር። ሁልጊዜ ቀድማ የምትበላው እሷ ናት። ለሠራተኛው ከመቅረቡ በፊት ከድስቱ ቂጥ ትጭራለች። 'እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው ልጅ አላበላም' ትላለች። ያን ዕለት ደግሞ መብራት ጠፍቶ የፋብሪካው ሰው ሳይበላ ተበተነ። ሩዙን ደፋነው። ከሱ የበላችው እሷ ብቻ...» ቀጥሎ የመጣው ግን ቁጣ ነበር። «አንተ ምን ልትለኝ ነው የመጣኸው? ሰባት ሳምንት ድራሽህ ጠፍቶ ከርመህ፣ ዛሬ መጥተህ ሚስትህን ገደልክ ልትለኝ ነው?»

«ጋሼ...»

«እንድትተኛ ብዬ እኮ ነው! እግሯን እንድታሳርፍ ብዬ! ውጣልኝ! ውጣልኝ ከዚህ ቤት!»

ወጣ። ግን አልሄደም። ደጃፉ ላይ፣ ሰጋቱራ የተበተነበት ደረጃ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ያዘ። ቆይቶ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ክፍት በሆነው በር ተናገረ።

«ጋሼ፣ ሁለታችንም ነን። እርስዎ ያደረጉት እኔን አምነው ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ሄድኩ። በላቦራቶሪ አንድ ነገር ስንጽፍ መጨረሻ ላይ ያልተረጋገጠውን፣ የማይሠራበትን ቦታ እንድንጽፍ ያስተምሩናል። ለመምህሬ ሁልጊዜ እጽፋለሁ። ለእርስዎና ለእትዬ አልጻፍኩም። ምግብ የምታበስሉት እናንተ ሆናችሁ ሳለ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ከውስጥ የመጣው ድምፅ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም።

«አይደለሁም። ሩዙ ተደፍቷል፣ ያን ጊዜ ማንም አልመረመረውም። እርጎውም ሊሆን ይችላል። ልብስ ሰፊዋ ከዚያው እርጎ በልታ ነበር?»

«እሷም ልጆቿም። ምንም አልሆኑም።»

ጭልፋዋ ምድጃው ላይ ስትቀመጥ ተሰማ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ አጎቱ። «ለማንም ያልተናገርኩት። ያን ጠዋት ከድስቱ ጭራ አፏ ስታደርግ፣ 'ዛሬስ ሩዙ አንድ ነገር ይሸተኛል' አለችኝ። እኔ ራሴን እየተላጨሁ ነበር፤ ዞሬም አላየኋት። 'ሻዩ ነው' አልኳት። 'የሻዩ ሽታ ነው፣ ብዪ።' በላች።»

ወጣቱ ተነስቶ ገባ። ሽማግሌው በርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን በድስቱ ላይ፣ በብርድ ልብሱ ላይ አድርገው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠ።

ብዙ ቆይተው አጎቱ የገመዱን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው የሚስታቸው አስተሳሰር ነበር፤ እሳቸውም ከሞቷ በኋላ እንደሷ ማሰር ለምደው ነበር። ወጣቱ ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ በክርናቸው ገፉት። ፈቱት። ብርድ ልብሱን አነሱና አሸተቱት። ሻይና ጭስ ይሸታል። አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ድፋው» አሉ። «እኔ አልችልም።»

*

በማግስቱ ምሳ ዘገየ። ሩዙ የተቀቀለው ጠዋት፣ ሠራተኛው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነበር። አርባው ሰው እጁን ታጥቦ፣ ሰጋቱራውን ከትከሻው አራግፎ ሲገባ ሳህኖቹን ባዶ አገኛቸው። አጎቱ ምድጃው ጋ ቆመዋል፤ የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው።

«ዛሬ ሐኪም ይዘውልን መጡ ጋሼ? እንድንበላ ነው እንድንመረመር?» አለ ከኋላ አንዱ። ሰዎቹ ሳቁ።

«ዶክተር፣ ንገራቸው» አሉ አጎቱ። «ሙሉውን። ያን የመጨረሻውንም ጭምር።»

ወጣቱ ነገራቸው። የሻይ ቅጠሉ ምን እንደሚችል ነገራቸው፤ አንድ ቀን ምናልባት በልኩ ተዘጋጅቶ ለምግብ ማቆያ፣ ለሳህንና ለመክተፊያ ማጽጃ ሊረዳ እንደሚችል፣ እሱም ለዚያ እየሠራ እንደሆነ። ከዚያ ዓምና ያልተናገራቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ተናገረ። በብራድ የፈላ ሻይ ይህን እንደማይሠራ። ለብ ብሎ ያደረ ሩዝ ጠዋት ቢፈላም እንደማይታመን። የሻይ ሽታ የተበላሸን ምግብ ሽታ ሸፍኖ፣ አፍንጫ ሊያስጠነቅቅ የሚችለውን እንደሚነጥቅ። የሰኞ ሆድ ከእሑዱ መጠጥ ሳይሆን ከሰኞው ድስት እንደነበር።

ሲጨርስ አጎቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

«ዓመት ሙሉ ያሳመምኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ደግሞ... እሷን ታውቋታላችሁ። ከእንግዲህ ሌላ ቦታ እበላለሁ የሚል ካለ አልቀየመውም።»

ማንም አልሳቀም። ከመሃል አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ሁለተኛ ተከተለው። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

በመጨረሻ ከፊተኛው ወንበር ባለመጋዙ ተነሳ። ባለመጋዙ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም፤ በዚሁ ፋብሪካ ያጣቸው ናቸው። ሳህኑን በሦስቱ ጣቶቹ ይዞ ወደ ምድጃው ሄደ።

«እነዚህን የወሰደብኝ ማሽን ላይ ዛሬም እሠራለሁ» አለ እጁን ከፍ አድርጎ። «ክዳን ገጥመንለት። ጋሼ፣ ይጨልፉልኝ። በዚያ ላይ የሰኞ ሆድ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አውጥቼ ሳልጨርስ ሊቀብሩብኝ ነው መሰለኝ።»

ጨለፉለት። ከሳህኑ ውጭ አፈሰሱ፤ ባለመጋዙ ሳህኑን ይዞ ቆመላቸው። ከኋላው ሰልፍ ሆነ።

*

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ወር አለፈው። የምግብ ቤቱን አሠራር ዛሬ የሚያይ ሰው ብዙ የተለወጠ አይመስለውም፤ የተለወጠው ግን ብዙ ነው። ሩዝ በየቀኑ ለዕለቱ በሚበቃ ልክ ይቀቀላል፤ እስኪበላም እንደፋጀ ፍም ላይ ይቆያል። ከተረፈ ድስት ውስጥ አያድርም፤ በሰፋፊ ትሪዎች ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዘቅዝና ማቀዝቀዣ ይገባል፣ በማግስቱ እስኪፋጅ ሞቆ ይበላል፣ ሦስተኛ ቀን አያይም። የማድቤት ጨርቆች በየምሽቱ ይፈላሉ። ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ጣውላ ሌላ ነው፣ የበሰለው የሚቆረጥበት ሌላ፤ ባለመጋዙ ለይቶ ሠርቶላቸዋል፣ በአንደኛው ጥግ ላይ ሁለት ጣት የጎደለው እጅ ቀርጾበት፣ «ይሄ የጥሬው ነው፣ ልብ በሉ» ለማለት። ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ተመልሷል። የሰኞ ሆድ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ሰኞ የቀረ ሰው በእውነት ጠጥቶ የቀረ ነው፣ አለቃውም ያን ያውቅበታል።

አጎቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ በር የሄዱት ያን ሳምንት ነው። ያንኳኩት ሦስት ጊዜ ነበር፤ በሁለተኛው ተመልሰው ሊሄዱ ሲሉ ወጣቱ ክንዳቸውን ይዟቸው ነበር። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ አየቻቸውና «እርጎ ላምጣ?» አለች። እዚያው ደጃፍ ላይ ሁለቱም አለቀሱ።

ወጣቱም ምርምሩን አልተወም። ለማንም ስለ ሥራው ሲያወራ፣ ለታክሲ ሹፌርም ቢሆን፣ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ከማይሠራበት። አድማጩ አንዳንዴ ይሰለቻል። ይሰልች ብሎ ይቀጥላል።

ከሰሞኑ አንድ ጠዋት፣ ሳይነጋ ገና ሰማዩ ሲላላ፣ አጎቱን ሊጠይቅ መጣ። አሁን ሌሊት አሥር ሰዓት የሚነሱት እሳቸው ናቸው። በጓሮው የልብስ ገመድ ላይ ያ ቀይ ጥለት ያለው ግራጫ ብርድ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ክረምቱን ለብሰውት ከርመዋል። ትልቁ ድስት ራቁቱን ምድጃው ላይ ነው።

ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ አላዩትም። ክዳኑን አነሱ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ከድስቱ ጎን በጭልፋ ትንሽ አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት። ቀስ ብለው አላመጡ። ከዚያ ዞረው፣ ድስቱ ድሮ ወደሚቀመጥበት ባዶ በርጩማ፣

«ዛሬ ምንም አይሸትም» አሉ።